አንድ ቀን በሮም፦ ሐውልቱ የነበረበትን ቦታ ፍለጋ

የሽርሽር መርከብ በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ ሆቴል ነው ብትሉ አትሳሳቱም። ሌሊት ሲጓዝ ያድርና ጠዋት አንድ ከተማ ወደብ ላይ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ ሲዞር ይውላል፣ ሳይመሽ ይመለሳል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ከተማ። ልጅና ሽማግሌ ለያዘ ቤተሰብ ይህ አካሄድ ይመቻል። በየቀኑ ሻንጣ መሸከፍ የለም፣ መኝታው ያው ነው፣ ምግቡም በሰዓቱ ይቀርባል። ችግሩ ጊዜ ነው። ከ2,700 ዓመት በላይ የኖረን ከተማ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምኑን አይተው ምኑን ይተዉታል?

ባለፈው ሐምሌ እኛን የገጠመን ጥያቄ ይኸው ነበር። ልጄ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ጀርመን አገር ነው። «እማዬ፣ ልጆቹ ከአንቺም ከጋሼም ጋር አንድ ሳምንት ይዋሉ» ብላ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ጋበዘችን። ከባርሴሎና ተነስቶ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የሚዞር የሰባት ቀን ጉዞ ነው። ከማረፊያዎቹ አንዱ ቺቪታቬኪያ ነበር፤ የሮም ወደብ።

ስድስት ነን። እኔ 68 ዓመቴ ነው፤ 38 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ። ወንድም ጋሼ 76 ሞልቶታል፤ ስኳር ካለበት 20 ዓመት አልፏል፣ ጉልበቱም ያስቸግረዋል። ልጄና አማቼ ጎልማሶች ናቸው። የልጅ ልጆቼ ወንዱ 11፣ ሴቷ 7 ዓመታቸው ነው።

ከካርታው ላይ አንድ ኪሎ ሜትር

ከመድረሳችን በፊት በነበረው ምሽት እራት ላይ «ነገ ምን እንይ?» ተባለ። አማቼ ኮሎሲየምን አለ፤ ትኬትም ከቤት ሳይወጣ በኢንተርኔት ገዝቷል። ልጄ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን አለች። ወንዱ ልጅ ሰይፍና ግላዲያተር፣ ትንሿ አይስክሬም አሉ። ወንድም ጋሼ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «እኔ ሐውልቱ የነበረበትን ቦታ ነው ማየት የምፈልገው» አለ።

«የነበረበትን?» አለች ልጄ። «ጋሼ፣ ሐውልቱ እኮ ተመልሷል።»

«ለዚህ ነዋ!» አለ።

ሌላ አልጨመረም። እኔ ግን አወቅሁት። ስለ አበበ ቢቂላ የሮም ድል ከእሱ ያልሰማ የሰፈራችን ልጅ የለም። ያን ጊዜ እሱ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጄ ባለበት ዕድሜ ላይ።

በሕክምና ቤት የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ለታካሚ የሚታዘዘው የሚችለውን ያህል ነው። አማቼን ካርታውን እንዲያወጣ ነገርኩት። ሲታይ ነገሩ ከገመትነው የቀለለ ሆነ። የአክሱም ሐውልት የቆመበት የፖርታ ካፔና አደባባይ፣ አበበ የመጨረሻውን ሩጫ የሮጠበት የሳን ግሬጎሪዮ መንገድ፣ የገባበት የቆስጠንጢኖስ ቅስትና ኮሎሲየም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ግን ከቲቤር ወንዝ ማዶ ነው። ከእሱ ጀርባ፣ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ልጄ ታውቃለች፤ መተዉ ከነከናት። «ሁለቱንም እንሞክር» አለች። ሁለቱንም መሞከር ማለት በ35 ዲግሪ ሙቀት ሽማግሌና ሕፃን ይዞ መሮጥ ነው። ለሌላ ጊዜ ይደር ተባለና አደረ።

ከወደብ እስከ ከተማ

መርከቡ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደብ ያዘ። የመመለሻ ሰዓታችን ምሽት 12 ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት ቀልድ አታድርጉት። መርከቡ ራሱ ያዘጋጀውን ጉብኝት የገዙ ሰዎች ቢዘገዩ ብዙውን ጊዜ ይጠበቃሉ፤ በራሱ የወጣውን ግን መርከብ አይጠብቅም፣ ጥሎት ይሄዳል። እኛ በራሳችን የወጣን ስለሆንን ከሮም የምንነሳበትን ሰዓት 9 ሰዓት ላይ ቆረጥን። በባቡሩ ላይ የሚደርስ ነገር ቢኖር እንኳ ቀጣዩን ለመያዝ ጊዜ ይኖረናል።

ከመርከቡ ለመውረድ ሰልፍ አለ፣ ከወደቡ በአውቶቡስ መውጣት አለ፣ ከዚያ ባቡር ጣቢያው ድረስ መሄድ አለ። ባቡሩ ወደ ሮም ከአንድ ሰዓት ጥቂት በላይ ይወስዳል። የወረቀት ትኬት ከቆረጣችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ትንሽ ማሽን ማስመታት ግዴታ ነው፤ ያላስመታ ሰው ትኬት ይዞም ይቀጣል።

መንገዱ በባሕሩ ዳር ይሄዳል። ልጆቹ በመስኮት ሲያዩ አማቼ አንድ ጋራዥ ላይ «ጎሚስታ» የሚል ጽሑፍ አይቶ በሳቅ ፈነዳ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጣሊያን አገር ሲገባ እንዲህ ያሉ የሰፈሩ ቃላት ከየግድግዳው ላይ ይስቁበታል። ላዲስፖሊ የምትባል ከተማ ላይ ስንቆም ደግሞ ወንድም ጋሼ ልጁን ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ «እዚህ ከተማ በአበበ ስም የተሰየመ የእግረኛ ድልድይ አለ» አለው። ልጁ ራሱን ነቀነቀና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ኦስትየንሴ በሚባለው ጣቢያ ወረድን። አጠገቡ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የአንድ ሮማዊ መቃብር፣ ሹል ፒራሚድ አለ። ትንሿ «ግብፅ ደረስን?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በሜትሮ አንድ ፌርማታ ብቻ ተጉዘን ቺርኮ ማሲሞ ወጣን።

«እዚህ እኮ ምንም የለም»

ከሜትሮው ስትወጡ ከፊት ለፊት የሚታየው ሰፊ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሕንፃው ሲጀመር ግን የታሰበው ለዚህ አልነበረም። ሙሶሊኒ ያስጀመረው ቅኝ ግዛቶቹን ለሚያስተዳድረው የአፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተጭኖ የመጣው ሐውልት በ1930 ዓ.ም. የቆመውም እዚሁ አደባባይ ላይ ነው። ቁመቱ ወደ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ የሆነ ድንጋይ፣ ቆራርጠው አምጥተው ተከሉት።

ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል የወሰደችውን ልትመልስ ተስማምታ ነበር። የተሰጣት ጊዜ 18 ወር ነው። 18ቱ ወር ግን ከ50 ዓመት በላይ ሆነ። በ1994 ዓ.ም. መብረቅ መትቶት ጫፉ ተጎዳ፤ በ1996 ዓ.ም. ፈቱት፤ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በቦታው ቆመ።

ዛሬ አደባባዩ ላይ መኪና ይተራመሳል። በአካባቢው የመስከረም 1994 ዓ.ም. የኒውዮርክ ጥቃት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት አሮጌ አምዶች ቆመዋል። ስለ አክሱም የሚናገር ትልቅ ነገር አላየንም። ወንድም ጋሼ ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ አካባቢውን በዓይኑ ለካው።

ልጁ ዙሪያውን አይቶ «አባባ፣ እዚህ እኮ ምንም የለም» አለ።

«አዎ፣ የለም» አለ ወንድም ጋሼ። «ይህን ላሳይህ ነው ያመጣሁህ። አባቴ ይህን ባዶ ሳያይ ሞተ። እኔ አየሁት፣ አንተም አየኸው።»

ልጁ «ታዲያ ማን ወሰደው?» ብሎ ጠየቀ። የእኛ ሰው ሐውልት ከሌላ አገር የወሰደ መስሎት ኖሯል! ነገሩ ተገልብጦ ሲነገረው፣ ማን ከማን እንደወሰደ፣ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ እንዴት እንደተመለሰ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጀርመን አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው ይሰበራል፣ አንቱታም አያውቅበትም። «አንተ ተናደህ ነበር?» አለው ታላቁን ሰው። ወንድም ጋሼ ሳቀና «ስናደድ ነው ያረጀሁት» አለው።

ስኳሩ ወረደ

ፊቱ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ግንባሩ ላይ የወጣውን ላብ ነው፤ ሙቀት ነው ሊባል ይችላል። ቀጥሎ አማቼ ሲጠይቀው ቶሎ አልመለሰም፤ ቃል ፍለጋ ቆየ። ጣቶቹ ከከዘራው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ጠዋት መርከቡ ላይ እንክብሉን ውጦ፣ ከቁርሱ ግን አንድ እንቁላል ብቻ ቀምሶ እንደተነሳ ልጄ ያን ጊዜ ነገረችኝ። ጉጉት ነው ያስነሳው።

ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠን ጣቱን ወግቼ ለካሁት። 61።

አንባቢዎቼ መካከል ስኳር ያለበት ወላጅ ወይም አያት የሌለው ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ ያደረግነውን በዝርዝር ልንገራችሁ። ከ70 በታች ከሆነ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ራሱን ያወቀና መዋጥ የሚችል ሰው ቶሎ የሚሠራ ስኳር ይሰጠዋል፤ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም መደበኛ ለስላሳ፣ ወይም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ። ስኳር አልባ የተባለው ለስላሳ ለዚህ አይረባም። ቸኮሌትም ቅባቱ ስለሚያዘገየው አይመረጥም። 15 ደቂቃ ይጠበቅና እንደገና ይለካል። ካልወጣ ይደገማል። ከወጣ በኋላ ደግሞ ዳቦ ወይም ሌላ ጠንከር ያለ ምግብ መብላት አለበት፤ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወዲያው እርዳታ ይጠራል። በአውሮፓ የአስቸኳይ ጊዜ ስልኩ 112 ነው።

ጭማቂው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ወንድም ጋሼ ጠጣ፤ እኛ ሰዓት ያዝን።

አሁን ሌላ ጉዳይ መጣ። የኮሎሲየም ትኬት የሰዓት ነው፤ የእኛ ቀትር ላይ ነበር፣ ካለፈ አለፈ። አማቼ አንዴ ሰዓቱን አንዴ አጎቱን ያያል። ወንድም ጋሼ፣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ» ይላል። ልጄ «አንድ ቀን አብረን ብንውል ይሄው ልንበታተን ነው» ብላ ዓይኗ ውኃ ሞላ።

በሕመም ጊዜ ቤተሰብ የሚሰበረው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ሁሉም መልካም አስቦ ሁሉም በሌላው ይቀየማል። እኔ ነርስነቴን ተጠቅሜ ደፈር ብዬ ወሰንኩ። አማቼና ትንሿ ወደ ኮሎሲየም ይሂዱ፤ እኔና ልጄ ከወንድም ጋሼ ጋር እንቆይ፤ በ7 ሰዓት ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር እንገናኝ። መገናኛ ቦታና ሰዓት ከተቆረጠ መለያየት መበታተን አይደለም።

«አንተስ?» አልኩት ልጁን። ከጀርመን ጀምሮ ሲያወራ የነበረው ስለ ግላዲያተር ነው። አባቱን አየ፣ ወንድም ጋሼን አየ። ጠጋ ብሎ በጀርመንኛ እናቱን አንድ ነገር ጠየቃት። «ይሞታል ወይ ነው የሚለው» አለችኝ። አይሞትም፣ ጭማቂ ብቻ ነው የሚያስፈልገው አልኩት። «እሺ» አለና የጭማቂውን ባዶ ካርቶን ይዞ አጠገቡ ቁጭ አለ።

ከ15 ደቂቃ በኋላ 84 ሆነ። ልጄ ዳቦ በአይብ ገዝታ መጣች። እሱን ከበላ በኋላ ስለካው 112 ደርሷል። «ያው የአምቡላንሱ ቁጥር!» ብሎ ልጁ ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን።

የአበበ መንገድ

የሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ቀጥ ያለና ሰፊ ነው፤ ዳርና ዳሩ ዛፍ አለው። በስተግራ የፓላቲኖ ኮረብታ ፍርስራሽ፣ ከፊት ቅስቱና ኮሎሲየም ይታያሉ። በየመሐሉ እየተቀመጥን፣ በጥላው በኩል ቀስ እያልን ገባንበት። ወንድም ጋሼም ነፍሱ ተመልሳለትና ትረካውን ጀመረ።

ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ለእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ማራቶኑ የተጀመረው ከቀትሩ ሙቀት ለመሸሽ ወደ ማታ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ካምፒዶልዮ ከሚባለው ኮረብታ ነው። ሩጫው በጥንቱ የአፒያ መንገድ ሲመለስ ጨልሞ ስለነበር የጣሊያን ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቁጥር 11 ለጥፎ በባዶ እግሩ ይሮጣል። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላስቸገረው ልምምድ ላይ እንደለመደው ባዶ እግሩን መሮጥ መርጦ ነው። ከጎኑ ሞሮኳዊው ራዲ አለ። ሁለቱ ሐውልቱ ጋ እስኪደርሱ እኩል ናቸው። አበበ ከአክሱም የተወሰደውን ድንጋይ ሲያልፍ ፍጥነት ጨመረና ጥሎት ወጣ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፤ በርቀቱ ከዚያ በፊት ማንም ያልሮጠው ሰዓት ነው። ራዲ በ25 ሴኮንድ ተከትሎት ገባ።

«በእኛ ሰፈርም ማታውን ችቦ እያበራን ነበር» አለ ወንድም ጋሼ። «እዚያም ችቦ፣ እዚህም ችቦ። ወሬውን የሰማነው በበዓሉ ቀን በጎረቤት ራዲዮ ነው። አባቴ ከበግ ማረድ ተነስቶ፣ እጁን ሳይታጠብ መንገድ ላይ ወጥቶ ሰው ሁሉ ሲያቅፍ ትዝ ይለኛል። በልብሴ ላይ የቀረውን ደም እናቴ ሳምንት አጥባ አላስለቀቀችውም።»

እኔ ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምንም አላስታውስም። ስለ ደሙም እስከዚያች ቀን ሰምቼ አላውቅም። 65 ዓመት ሙሉ ሲተርክልን ይህችን አስቀርቷት ኖሯል።

በመንገዱ ላይ ለድሉ 50ኛ ዓመት የተቀመጠ የአበበ መታሰቢያ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ኮሎሲየም ስለሚጣደፍ ሳያየው ያልፋል። በዚያው ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም.፣ የሮምን ማራቶን እየመራ የመጣው ሲራጅ ገና መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቶ አሸንፏል። ወንድም ጋሼ ይህን እንደተናገረ አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«አሥር እርምጃ ብቻ።»

አልፈቀድኩም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስሜቱን ያጣል፤ የሚያቃጥል ድንጋይ ላይ ቆሞ ላይሰማው ይችላል። ትንሽ የመሰለች ቁስል እግር እስከማስቆረጥ ስትደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። በሐምሌ ቀትር ሮም ላይ ጫማ ማውለቅ ለእሱ የሚሆን ነገር አይደለም። «እዚህ ድረስ ያመጣሁህ በሁለት እግርህ እንድትመለስ ነው» አልኩት። ተቆጣ። እንደ ልጅነታችን ፊቱን አዞረብኝ።

ልጁ እኛን ሲያይ ቆይቶ ስኒከሩን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ «እኔ ላንተ» አለና ሄደ። አሥር እርምጃ አልሞላም፤ ከጥላው እንደወጣ «ይቃጠላል! ይቃጠላል!» እያለ በአንድ እግሩ ሲዘል ተመለሰ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ወንድም ጋሼ ሳቁን መግታት አቅቶት ዓይኑን እየጠረገ፣ «አበበ በማታ ነው የሮጠው! ነግሬህ የለ!» አለው። እግሩን በውኃ አቀዝቅዤ፣ አገላብጬ አይቼ ጫማውን አስጠለቅሁት። ምንም አልሆነም።

ልጁም እየነካከሰ ጠየቀ፤ አበበ በኋላ ምን ሆነ? በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ እንዳሸነፈ፣ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ እንደተወዳደረ ነገርኩት። ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ የስድስቱን ሳምንት ነገር አሁንም ሳስበው ይደንቀኛል። እኛ በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ታካሚ ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ ነበር የምንመክረው።

የእሌኒ ልጅ ቅስት

ከኮሎሲየም ጎን ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት በ315 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የተመረቀ ነው። ዙሪያው ታጥሯል፤ ሥሩ መግባት አይቻልም፣ አጥሩን ተደግፎ ማየት ግን ይበቃል። ለልጆቹ የሮም ንጉሥ ስም ምንም አይደለም። እኔ ግን «ይህ ደመራ የምናበራላት የንግሥት እሌኒ ልጅ ነው» ስላቸው ሁለቱም ዘወር አሉ። በየዓመቱ መስቀልን በጀርመን ቤተ ክርስቲያናቸው ያከብራሉ። የአክሱሙ ሐውልትም የዚያው የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። እኩያሞች ናቸው ማለት ነው፤ አበበ ከአንዱ እኩያ ተነስቶ ወደ ሌላው ሮጠ።

አማቼና ትንሿ በሰዓታቸው መጡ። ኮሎሲየም እንዴት ነበር ስንላት «አንበሳ የለም» አለች። ምሳ በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጥ ፒዛ ገዝተን በላን። ቡና ቤት ገብቼም በአማርኛ «ማኪያቶ» ብዬ አዘዝኩ፤ ገባቸው። የመጣው ግን የእኛን ወተት የበዛበትን አይደለም፤ በትንሽ ስኒ ጥቁር ቡና ወተት የነካካው ነው። ቆሞ መጠጣት ከመቀመጥ ይረክሳል፤ መጸዳጃ ቤትም የሚገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

በ9 ሰዓት ከሮም ተነሳን። 11 ሰዓት ሳይሞላ መርከቡ ላይ ነበርን። ሲነሳ ወንድም ጋሼና ልጁ በላይኛው ወለል ላይ ቆመው ነበር፤ ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም።

ለምትሄዱ ቤተሰቦች

ጉዞው ለሚታሰብላችሁ ጥቂት ነገር ልበል።

ቪዛችሁን ከመርከቡ መስመር ጋር አስተያዩ። መርከቡ ከሸንገን አገሮች ወጥቶ ቱኒዚያን የመሰለ አገር ነክቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል።

መድኃኒትና የስኳር መለኪያ ክፍል ውስጥ አይተውም፤ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ይሁን። ሽማግሌው መድኃኒቱን መዋጡን ብቻ ሳይሆን መብላቱንም አንድ ሰው ይመልከት። የሚለበሰው ጫማ የተለመደው ይሁን፤ አዲስ ጫማ ለጉዞ አይገዛም።

ውኃ በመግዛት አትቸገሩ። በሮም መንገዶች ላይ ናዞኒ የሚባሉ ከ2,000 በላይ ቧንቧዎች አሉ፤ የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውኃ በነጻ ይፈስባቸዋል። ከታች በጣት ሲዘጉት ውኃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ይፈናጠራል፤ ልጆች ከሐውልት ሁሉ ይህን ይወዳሉ። የመንግሥት ሙዚየሞችና ኮሎሲየም ከ18 ዓመት በታች ላሉ በነጻ ናቸው፤ ቢሆንም ትኬታቸው በስምና በሰዓት ስለሚቆረጥ አስቀድማችሁ ያዙላቸው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥቂት ነገር ምረጡ። ልጅ አሥር ሕንፃ ቢያይ አሥሩንም ይረሳል። አንድ ታሪክ ተነግሮት መንገዱን በእግሩ ቢሄድበት ግን የእሱ ይሆናል። ታሪኩን የሚያውቀው ሰው ቤታችሁ ውስጥ እያለ፣ እግሩም እየሄደ ሳለ፣ አብራችሁ ውጡ። ሮም መሆን የለበትም። የሚሄዱበት ቦታ ዓድዋም እንጦጦም ሊሆን ይችላል።

የልጅ ልጄ ጀርመን ከተመለሰ በኋላ በስልክ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ «ሐውልቱ አሁን ያለበት ቦታስ መቼ ነው የምንሄደው?» ወንድም ጋሼ ይህን ከሰማ ወዲህ የሐኪም ቀጠሮውን አንድም ቀን አላሳለፈም። ጠዋት ጠዋትም ግቢውን ይዞራል፤ ጫማውን አድርጎ።